የጎጌቲ ተራ ወታደሮች ስም የት ተጻፈ?

የካቲት 12 በደረሰ ቁጥር በአዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ከሚገኘው የሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። በዚያችው ዕለት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የግራዚያኒ ፋሽስቶች የዋና ከተማይቱን ሕዝብ መጨፍጨፍ ሲጀምሩ በጉራጌ ምድር ጎጌቲ ላይም የአርበኛ ደም ይፈስ እንደነበር ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ከሲዳሞ እየተዋጋ ያፈገፈገው የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ቅሪት ተከቦ የተፋለመው በዚያ ነበር። ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ በዚያው ወደቁ። ራስ ደስታም ከአምስት ቀናት በኋላ ተይዘው ተረሸኑ።

ሁለቱም መታሰቢያ አላቸው። በአዲስ አበባ በራስ ደስታ ስም ሆስፒታል፣ በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም ሊሴው ይጠራል። ይገባቸዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ከአዛዦቹ ጋር የወደቀው ባለጠመንጃ፣ ስንቅ ተሸካሚው፣ በቅሎ ሳቢው፣ እየጋገረች ጦሩን የተከተለችው ሴት የት ተጻፉ?

ይህ ጥያቄ ሌሎችንም አገሮች ያስጨነቀ ነው። በፓሪሱ የድል ቅስት ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የጄኔራሎች ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ማንነቱ ያልታወቀ የአንድ ወታደር አስከሬን ወደዚያው ቅስት ገባ። በዚያው ቀን ለንደንም ሌላውን ነገሥታት ባረፉበት በዌስትሚኒስተር ቀበረች። እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው የእንግሊዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን ደግሞ መኰንኑና ተራው ወታደር፣ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ፣ እኩል እንዲታወሱ ደነገገ። ደንቡ መልካም ነበር፤ አፍሪካ ሲደርስ ግን ተሰበረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ ጥይትና ዱቄት ተሸክመው ያለቁት ጥቁር ወገኖቻችን በአብዛኛው መቃብራቸው አልተለየም፣ ስማቸውም አልተመዘገበም። ኮሚሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በስም ሳይታወሱ የቀሩት፣ አብዛኞቹም አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ ቢያንስ 116,000 እንደሚሆኑ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ከመቶ ዓመት በኋላ ሲመጣ የሟቾቹን ስም የሚነግር ሰው ከየት ይገኛል? ጣሊያን ውስጥ በአፊሌ ከተማማ እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራዚያኒ ለራሱ መታሰቢያ ቆሞለታል፤ የገዳዩ ስም በድንጋይ ተጽፎ የተገዳዩ ስም ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት እንዴት ይቻለናል?

ይህን የምናነሣው በእምድብር ሆነን ነው፤ ጎጌቲ ከተራራው ማዶ ነው። የጉራጌ ሕዝብ መንገድ ለማሠራት ከየኪሱ ያዋጣ፣ ሬሳውን በጀፎረው ላይ ተሰብስቦ የሚሸኝ ሕዝብ ነው። ስም ለመመዝገብ ሐውልት እስኪቆም መጠበቅ አያሻውም፤ አንድ ደብተርና ጽሕፈት የሚያውቅ ወጣት ይበቃል። የቀበሌው ነዋሪ፣ የእድሩ ዳኛ፣ መምህሩና ሠራተኛው ተባብረው በየቤቱ ይጠይቁ፦ በማይጨውም ይሁን በጎጌቲ ወይም ከዚያ ወዲህ በሌላ ግንባር ከዚህ ቤት ማን ዘመተ? የአባቱስ ስም ማን ነበር? ባልቴቲቱስ በምን ኖረች? በሕይወት ያለ ዘማች ቢገኝ ደግሞ መድኃኒቱን ማን እንደሚገዛለት አብሮ ይጠየቅ።

ጊዜው አጭር ነው። በ1929 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የሚመጣው የካቲት 12 ሳይደርስ ደብተሩ ይከፈት። ስሙ ጨርሶ የተረሳ ቢኖርም ገጹ ባዶ አይለፍ፤ «ከዚህ ቤት አንድ ሰው ሄዶ አልተመለሰም» ተብሎ ይጻፍበት።