«እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው ፎርም አልተበላሸም

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ኮምፒውተር ነው። «ኮምፒውተር የት አለኝና» ብላችሁ ግን ገጹን አትለፉት። ስፖንሰር የሚጠብቅ፣ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ «ይህን ፎርም ሞልተህ ላክልኝ» የተባለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

በዓይኔ ካየሁት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2017 ካርቱም ነበርኩ፣ ደይም ሰፈር። ደይምን የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ የቡናው ጭስ፣ ማታ ማታ የአገር ቤት ዘፈን። ከአንዱ ምግብ ቤት ጀርባ ጠባብ የኢንተርኔት ቤት ነበረች። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ከጣሪያው ሥር የምትንጫጫ ማራገቢያ። የኪቦርዱ ፊደል ግማሹ ዓረብኛ ነው፣ ግማሹ በጣት ብዛት ጠፍቷል። ባለቤቱ ደግ ሱዳናዊ ነው፤ ምንም ነገር ብትጠይቁት መጀመሪያ የሚመልሰው «ማፊ ሙሽኪላ» ነው፤ ችግሩ ቢኖርም።

አንድ ወዳጄ ካናዳ ያለች አክስቱ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ሆና ስፖንሰር ልታደርገው ተነሳች። ካናዳ ውስጥ አምስት ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች ተሰባስበው አንድ ስደተኛ ማምጣት የሚችሉበት አሠራር አለ፤ እኛ «የአምስት ሰው» የምንለው ነው። እሱ የሚሞላው ፎርም ቁጥሩ አይ.ኤም.ኤም. 0008 የተባለው ነው። ይህን ፎርም ከአንድ ወር በፊት በዚያችው ቤት፣ በዚያው ኮምፒውተር ከፍቶ አይቶታል። ገንዘቡ አልቆበት ሳይሞላው ወጣ። ሲመለስ ባለቤቱ ኮምፒውተሮቹ ላይ አዲስ ብራውዘር ጭኗል። «አሁን ፈጣን ነው፣ ታያለህ» አለው ደስ ብሎት።

ፎርሙን ሲከፍት አንዲት ገጽ ብቻ መጣች። በእንግሊዝኛ «እባክዎ ይጠብቁ» ትላለች፣ ከሥሯ ትንንሽ ጽሑፍ አለ። እሱም ጠበቀ። በሰዓት እየከፈለ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ጠበቀ! ኔትወርኩ ነው ብሎ በማግሥቱ መጥቶ ደግሞ ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ያቺኑ ገጽ አሳተማትና ይዞ ወደ ምግብ ቤቱ መጣ።

እዚያ ደግሞ ሊቃውንቱ ተሰብስበዋል። አንዱ «ሱዳን ላይ ማዕቀብ አለ፣ ካናዳም ከሱዳን ለሚከፍት ሰው ዘግታዋለች» አለ። ሌላው «የለም፣ ኬዝህ ተሰርዞ ነው፣ ስምህን ሲያዩት ነው የማይከፍቱልህ» አለ። ልብ በሉ፣ ልጁ ገና ስሙን የትም አልጻፈም! ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆየና ለብቻው ጠርቶ «የሚከፈተውን ፎርም እኔ ዘንድ ታገኛለህ፣ ሁለት መቶ ዶላር» አለው። ልጁ ያን ሌሊት አልተኛም። አክስቱ ጋ ደውሎ «ተዘግቶብኛል» ብሏት፣ እሷም ስታለቅስ አደረች።

በማዕቀቡ ያሳበበውን ሰው አልፈርድበትም። አሜሪካ ሱዳን ላይ አጠቃላይ ማዕቀብ የጣለችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1997 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ካርቱም ተቀምጦ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለማውረድ የሞከረ ሰው «ካሉበት አገር አይፈቀድም» የሚል ገጽ ተጋርጦበታል። ሰው ፕሮግራሙን የሚያገኘው በሲዲና በፍላሽ ነበር፤ ከዱባይ፣ ከካይሮ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ቦርሳ። ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ላይ የነበረው ክልከላ የላላው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2015 ሲሆን፣ ዋናው የንግድ ማዕቀብ የተነሳው ኦክቶበር 12 ቀን 2017 ነው። እና ኮምፒውተር እምቢ ባለ ቁጥር «ማዕቀብ ነው» ማለት ለካርቱም ሰው ልማድ ሆኖ ቀርቶ ነበር። በዚህ በልጁ ጉዳይ ግን ማዕቀቡ እጁ የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒ.ዲ.ኤፍ. የሚባለው ፋይል ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለናል እንጂ አይደለም። ብዙው እንደ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ማንኛውም ነገር ይከፍተዋል። የካናዳ ኢሚግሬሽንና አንዳንድ የሌሎች አገር መንግሥታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ዓይነት ግን ኤክስ.ኤፍ.ኤ. ይባላል። ይህ እንደ ታሸገ ፖስታ ነው። ከላይ አንዲት ገጽ አለች፤ «እባክዎ ይጠብቁ» የምትለው እሷ ናት። እውነተኛው ፎርም፣ ሳጥኖቹ፣ ከአገር ስም ዝርዝር መምረጫው፣ መፈተሻው ቁልፍ፣ ሁሉም ውስጥ ተቀምጧል። ፖስታውን መቅደድ የሚያውቅ ፕሮግራም ሲያገኝ ገጾቹን እዚያው ይሠራቸዋል። የማያውቅ ፕሮግራም ከሆነ የላይኛዋን ገጽ ብቻ አሳይቶ ይቆማል። ዓመት ብትጠብቁ ያው ናት። ከሥሯ ያለችውን ትንንሽ ጽሑፍ ማንም አያነባትም እንጂ እሷም የምትለው ይህንኑ ነው፦ ይህ ጽሑፍ በትክክለኛው ይዘት ካልተተካ የምትጠቀሙበት ማሳያ ይህን ዓይነት ሰነድ ላያሳይ ይችላል።

ታዲያ ከወር በፊት እንዴት ተከፈተ? ድሮ ብራውዘሮች ፒ.ዲ.ኤፍ.ን ራሳቸው አይከፍቱም ነበር። አዶቤ ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በብራውዘሩ ውስጥ ተሰክቶ እሱ ነበር የሚከፍተው። እሱ ደግሞ ፖስታውን መቅደድ ያውቃል። በኋላ ብራውዘሮቹ የራሳቸውን ማሳያ እየሠሩ መጡ፤ ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2013 በ19ኛው ዕትሙ የራሱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ደግሞ ለደኅንነት ሲባል መሰኪያውን ራሱን አስወገዱት፤ ክሮም በሴፕቴምበር 2015፣ ፋየርፎክስ በማርች 2017። የደይሟ ቤት ባለቤት አዲሱን ሲጭን አሮጌው መሰኪያ አብሮ ሄደ። ብራውዘሩ በርግጥም ፈጣን ሆኗል፤ የልጁን ፎርም ግን አያውቀውም።

መፍትሔው ከብራውዘሩ መውጣት ብቻ ነው። ፎርሙ ያለበትን መስመር በማውሱ ግራ ቁልፍ አትጫኑት፤ በቀኙ ተጫኑት። ዝርዝር ሲመጣ «ሴቭ ሊንክ አዝ» የሚለውን መርጣችሁ ዴስክቶፕ ላይ ወይም ፍላሻችሁ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ወደተቀመጠው ፋይል ሄዳችሁ፣ አሁንም በቀኝ ቁልፍ፣ «ኦፕን ዊዝ» ብላችሁ አዶቤ ሪደርን ወይም አክሮባት ሪደርን ምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደርገውና ተመልሶ በብራውዘሩ ይከፈታል፣ ያቺው ገጽ ትመጣለች፣ «አውርጄም እምቢ አለኝ» ይላል። ኮምፒውተሩ ፒ.ዲ.ኤፍ.ን ሁሉ ለብራውዘሩ እንዲሰጥ ስለተደረገ ነው። ሪደሩ ከሌለ አሥረኛውን ዕትም ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ማስጫን ያስፈልጋል፤ ነፃ ነው። የኢንተርኔት ቤት ባለቤቶችም ብትሆኑ ክሮም ውስጥ በሴቲንግ ገብታችሁ ፒ.ዲ.ኤፍ. ሲመጣ እንዲያወርደው እንጂ እንዳይከፍተው ብታደርጉ ስንቱን ሰው ከልቅሶ ታድኑታላችሁ።

ፋየርፎክስ ከ93ኛው ዕትሙ (ኦክቶበር 2021) ወዲህ ይህን ዓይነት ፎርም ራሱ መክፈት ጀምሯል። ለማየት ጥሩ ነው። ለመጨረሻው ሥራ ግን በኔ በኩል ሪደሩን እመርጣለሁ፤ ፎርሙ ላይ «ቫሊዴት» የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ያልሞላችሁትን ሳጥን በቀይ ያሳያችኋል፣ ሁሉ ከተሟላ ደግሞ ባርኮድ ያለበት ገጽ መጨረሻ ላይ ያወጣል። ይህ ሥራ በትክክል እንዲሠራ ፎርሙ በተሠራለት ፕሮግራም መከፈቱ ይሻላል። በስልክ የምትሞክሩ ደግሞ አትልፉ። የአዶቤ የስልክ ፕሮግራም ራሱ ይህን ዓይነት ፎርም አይከፍትም። ስንት ሰው ሙሉ ካርዱን ስልኩ ላይ ደጋግሞ በማውረድ ጨርሷል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ከዚህ ጋር ይምታታሉ። አንደኛው ዎርድ ነው። ደብዳቤ በኢሜል ተልኮላችሁ ስታወርዱት ዚፕ ሆኖ ይመጣል፤ ስትፈቱት የማይገባ የአቃፊ መዓት። ይህ በአሮጌው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር (እሱ እንኳ እ.ኤ.አ. ጁን 2022 በጡረታ ተሰናብቷል) በብዛት የሚታይ ነበር፤ አሮጌ ማሽን ባለበት ግን ዛሬም አይጠፋም። ከኦፊስ 2007 ወዲህ ያለው የዎርድ ፋይል፣ ዶክ ኤክስ የሚባለው፣ ውስጡ እውነትም ዚፕ ነው፤ ብራውዘሩ የውስጡን አይቶ የስሙን መጨረሻ ይቀይረዋል። አትፍቱት። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከዚፕ ወደ ዶክ ኤክስ መልሱት፣ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኦፊስ ከ2007 በፊት የወጣ ከሆነ ግን አዲስ ዎርድ ወይም ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አማርኛችን ነው። ታሪኩን በአማርኛ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ሲከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ያገኛል። እዚህ ላይ ብራውዘሩ በሐሰት ነው የሚከሰሰው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ልብሱን ያወልቃል። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዊንዶውስም ናይላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ፣ የጻፍነው ሁሉ በነዚያ ፎንቶች ነው። ጽሑፉ አልጠፋም። ፎንቱ ያለበት ማሽን ፈልጋችሁ ክፈቱትና እዚያው ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ያኔ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። አስተርጓሚ ዘንድ የምትልኩትም እሱን ይሁን። የራሳችሁን የምስክርነት ቃል አስተርጓሚው እየገመተ እንዲያነበው አትፍቀዱ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በተነሳው ጦርነት ካርቱም ያለ ሰው ወረቀቱን ጥሎ ነው የወጣው። የደይሟ ቤትም ምን እንደሆነች እንጃ። ብዙ ሰው የቀረው ኢሜሉ ውስጥ የነበረው ፋይል ብቻ ነው፤ ስለዚህ «አይከፈትም» ብላችሁ የተዋችሁት ካለ አታጥፉት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን ኔትወርኩ ሁሉ ከተቋረጠ ወዲህ በየቦታው በስታርሊንክ በሰዓት እየከፈሉ መጠቀም ተለምዷል። ኢንተርኔቱ የሚያስፈልጋችሁ ፎርሙን ለማውረድና ለመላክ ብቻ ነው። ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኔትወርክ መሙላት፣ ሴቭ ማድረግ፣ ነገ መቀጠል ይቻላል። ስታወርዱ የፋይሉን መጠን እዩ፤ ዜሮ ከሆነ ወይም ከላኪው ካነሰ መንገድ ላይ ተቋርጧል፣ እንደገና አውርዱ።

ካናዳን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ኖቬምበር 29 ቀን 2024 የካናዳ መንግሥት ከአምስት ሰው ቡድኖችና ከማኅበረሰብ ስፖንሰሮች አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል። በዚህ መንገድ የጀመራችሁ ካላችሁ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ስፖንሰራችሁ ክፍት መሆኑን በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጥላችሁ። ያ መንገድ ቢዘጋም ባይዘጋም ፎርሙ ራሱ በነፃ ነው የሚወርደው። የሚሸጥ ፎርም የለም። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.ም ለምዝገባም ሆነ ለሪሴትልመንት ገንዘብ አይጠይቅም።

ወዳጄን ሳልጨርስ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን አብሬው ሄድኩ። ፎርሙን በቀኝ ቁልፍ አወረድነው፣ «ኦፕን ዊዝ» አልን። አዶቤ ሪደር እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበረ፤ አሮጌው፣ ማንም ያልነካው። ገጾቹ በሙሉ መጡ። ባለቤቱ ከኋላችን ቆሞ አየና «ማ ቁልታ ላክ?» አለው፤ «አላልኩህም ነበር?» እንደማለት ነው። ምንም አላለም ነበር። ልጁ አክስቱ ጋ ወዲያው ደወለ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ሞላነው። ያን ሁለት መቶ ዶላር የጠራውን ሰው ማታ ምግብ ቤት አገኘነው፤ ሰላም ብሎን አለፈ።

ስንወጣ የረሳነው ነገር ግን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆይቶ ትዝ አለኝና ሮጬ ተመለስኩ። ፎርሙ የልጁ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የኖረበት አድራሻ በሙሉ ተሞልቶ ዴስክቶፑ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም መጥቶ ሊከፍተው ይችላል። እናንተም ስትጨርሱ ፋይሉን ፍላሻችሁ ላይና ኢሜላችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከዚያ ከዴስክቶፑም ዳውንሎድ ከሚለው አቃፊም አጥፉት፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ፣ ከኢሜላችሁም ውጡ። ባለቤቱ «ማፊ ሙሽኪላ፣ እኔ አጠፋዋለሁ» ቢላችሁም እናንተው አጥፉት።