የአንዲት ፊደል ጣጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ቦታዬ ውሃ ስለሚያንጠባጥብ አንድ ፓምፕ አጭር ሪፖርት በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር። ልል የፈለግኩት «ፓምፑን ከመቀየር ይልቅ ማሸጊያ ጎማውን መቀየር ይሻላል» ነው። በጽሑፉ ላይ የሰፈረው ግን «ማሸጊያ ጎማውን፣ ከዚያም ፓምፑን መቀየር ይሻላል» የሚል ሆኖ ተገኘ። የግዢ ክፍሉ ባልደረባዬም ያነበበውን አምኖ ሁለቱንም አዘዘ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ለማወዳደር የሚያገለግለው «ዛን» መሐሉ ላይ ኤ ያለበት ሲሆን፣ «ከዚያ» የሚል ትርጉም ያለው «ዜን» ደግሞ በኢ ይጻፋል። እኔ በኤ ፈንታ ኢ አስገብቼ ነበር።

ፊደል የሚያርመው ፕሮግራም ለምን ዝም አለ ትሉ ይሆናል። ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ያሉ ትክክለኛ ቃላት ናቸው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ዓረፍተ ነገሩን እያዩ ብዙውን ስሕተት ያርማሉ። የእኔ ዓረፍተ ነገር ግን በሁለቱም መንገድ ቢነበብ ስሜት ይሰጣል። የትኛውን እንዳሰብኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታዲያ ለዓመታት በእንግሊዝኛ ተምሮ በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው እንዲህ ባለች ትንሽ ቃል ለምን ይሰናከላል? እርግጥ ነው፣ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም እነዚሁኑ ቃላት ይሳሳታሉ። እኛን በተመለከተ ግን አንዱ ምክንያት የንባብ ልማዳችን ይመስለኛል። «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው፣ ፊደሉ አይነግረንም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውሃ ውስጥ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ዋነኛ ማለት ይሆናል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። መጥበቅና መላላቱን የምንፈርደው ከዙሪያው ካሉት ቃላት በመነሣት ነው። ዓይናችን ፊደሉን አለፍ ብሎ ሐሳቡን መያዝ ለምዷል። ይህ ለአማርኛ የሚያስፈልግ ችሎታ ነው፤ እንግሊዝኛ ስንጽፍ ግን ትርጉም የተሸከመችውን ፊደል ያስዘልለናል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ የቃላቱን ሥር እንመልከት። «ዛን» እና «ዜን» ጥንት አንድ ቃል ነበሩ። በአጻጻፍ ሙሉ በሙሉ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ነው። የእኛን «የ» የሚተካው ባለ አንድ ኤፍ «ኦቭ» እና መነሣትን ወይም መለየትን የሚያመለክተው ባለ ሁለት ኤፍ «ኦፍ»ም እንዲሁ አንድ ነበሩ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ቃል ጠንከር ተደርጎ ሲነገር የተገኘ ነው። ባለ አንድ ኦ እና ባለ ሁለት ኦ «ቱ» የሚባሉትም ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝኛ በአነጋገር የነበረውን ልዩነት ውሎ አድሮ ፊደል ጨምሮ ጻፈው። እኛ መጥበቅና መላላትን ለአንባቢው ተውነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ማስታወሻ እናገኛለን። በ«ኦፍ» እና በ«ቱ» ዘንድ ፊደል የተጨመረለት ከበድ ተደርጎ የሚነገረው ነው። ለምሳሌ «ቴክ ዘ ሊድ ኦፍ ዘ ታንክ» የሚለው ትእዛዝ በሁለት ኤፍ ከተጻፈ «ክዳኑን ከታንኩ ላይ አንሣ» ማለት ነው። በአንድ ኤፍ ከሆነ «የታንኩን ክዳን ውሰድ» ይሆናል፤ ክዳኑ መሬት ላይ የተቀመጠም ሊሆን ይችላል። የግፊት ታንክ አጠገብ ለቆመ ሠራተኛ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

«ቱ ሆት ቱ ተች» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ እንውሰድ። በአማርኛ «ከመጋሉ የተነሣ አይነካም» ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ «አይ» የሚል አፍራሽ ቃል የለም። ክልከላውን የተሸከመው ባለ ሁለት ኦ የመጀመሪያው «ቱ» ነው። አንዷ ኦ ብትጎድል ማስጠንቀቂያው ይፈርሳል።

አንድ ጥንድ ልጨምር። ባለ ሁለት ኦ «ሉስ» የላላ ማለት ሲሆን፣ ባለ አንድ ኦ «ሉዝ» ማጣት ነው። የላላን ብሎን ማጥበቅ ይቻላል፤ የጠፋውን ግን መግዛት ነው። እዚህ ላይ ጆሯችን ይረዳናል። በ«ስ» የሚጨርሰው ሁለት ኦ ሲኖረው፣ በ«ዝ» የሚጨርሰው አንድ ብቻ አለው።

ከዚያ ፓምፕ ወዲህ እኔ የምከተለው ዘዴ ቀላል ነው። ደብዳቤውን ወይም ሪፖርቱን ከመላኬ በፊት እነዚህ ቃላት ላይ ቆም እልና በአማርኛ እጠይቃለሁ፦ «ይልቅ» ነው ወይስ «ከዚያ»? «የ» ነው ወይስ «ከላዩ ላይ»? «ወደ» ነው ወይስ «ከልክ በላይ»? በእንግሊዝኛ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩት ቃላት በአማርኛ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ስለዚህ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ልጆቻችሁ የእንግሊዝኛ ጽሑፋቸውን እንድታዩላቸው ሲያመጡም ይህንኑ ሞክሩት። እግረ መንገዳቸውን አማርኛቸውንም ያጠናክራሉ።

ቸር እንሰንብት።