ምዕራፍ ስድስት፦ ማሽኑ ማንን ነው የሚያናግረው?

አካታች ቋንቋን በሥልጠና አዳራሽ የተዋወቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። በግራ «አትበል»፣ በቀኝ «በል» ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከሥሩ የቃላት ዝርዝር ይወርዳል። ይህን ወረቀት አጥብቄ እቃወማለሁ። ስለ ማካተት ሊያስተምር የተዘጋጀ ወረቀት ገና በአርእስቱ «አትበል» ብሎ ወንዱን ብቻ ሲያናግር አዳራሹ ውስጥ ያለችውን ሴት ትቷታል። አዘጋጁ ይህን ያላስተዋለው ችግሩን ከስሞች መካከል ሲፈልግ ስለነበር ነው። አማርኛ ውስጥ ችግሩ ከሁሉ አስቀድሞ ያለው ግሡ ላይ ነው።

ሁለተኛው መጥፎ ማብራሪያ «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚለው ነው። ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ እንዲህ የሚል ሰው የቆመበትን መሬት ታሪክ ዘንግቶታል። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ያለ ብረት ሠሪ እንደማይቆም ገብቷቸው ነበር። በዙሪያቸው የነበረው ኅብረተሰብ ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» ይል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በእጁ ሥራ መስደብን ሲከለክሉ ስድቦቹን በስማቸው እየጠሩ ነበር። የአሜሪካ ኩባንያዎች ስለ ኮምፒውተር ቃላቸው መከራከር ከመጀመራቸው ከዘጠና ዓመት በላይ አስቀድሞ የእኛ ቤተ መንግሥት ስለ ሥራ ቦታ ቋንቋ አዋጅ አውጥቷል።

አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። ብዙው ባለ እጅ ርስት አልነበረውም፤ ገበሬው ልጁን አይድርለትም፤ ማታ ሲመጣ በሩን የሚዘጋበት ብዙ ነበር። ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በጋፋት ስም ይጠራል፤ ይህ ስያሜ ደስ ይለኛል። ሆኖም የኢንስቲትዩቱን ደጃፍ ለቀጥቃጩ ልጅ የከፈተው ትምህርት ቤት መግባቱ እንጂ የስሙ ክብር ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ድርና ማግን ላምጣ፤ ይህን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። ሸማኔ ጨርቁን ከመጀመሩ በፊት ድሩን ያደራል። የጨርቁ ስፋትም ርዝመትም የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ነው። ማጉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢያምርም ቢያስጠላም ከድሩ ስፋት አያልፍም። በቋንቋም ቃላት ማግ ናቸው። ድሩ ደግሞ ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት በልቡ ያስቀመጠው አድማጭ ነው፦ ወንድ ይሁን ሴት፣ ዓይኑ የሚያይ ይሁን የማያይ፣ አለቃ ይሁን ተላላኪ። በማሽን በኩል ስንነጋገር መወርወሪያው ስልካችን ነው፤ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ማጉን ያስገባል። ጥለቱ «ውድ ደንበኛችን» የምትለዋ ሰላምታ ናት። ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ የመረጃ ቋቱ ነው፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ አይታይም፤ ድሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው መርገጫ ግን ያለው እዚያ ነው። የተበጠሰ ክር ደግሞ ያ «ያልታወቀ ስሕተት ተፈጥሯል» የሚለው መልእክት ነው፤ ጎበዝ ሸማኔ የት እንደተበጠሰ ያሳያል፣ ይቀጥለዋልም።

ድሩን እንደገና ያደራ ማኅበረሰብ ማየት የሚፈልግ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርድ ፎገራ ወረዳ ላይ ጎራ ይበል። አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ አነሣሽነት የተመሠረተች የሸማኔዎች መንደር ናት። ዙምራ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያነሡት የኖሩት ጥያቄ ይታወቃል፦ እናቴ ከአባቴ እኩል እርሻ ውላ ስትመለስ የቤቱ ሥራ ሁሉ ለምን በእሷ ላይ ይወድቃል? በአውራ አምባ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራም ይጋግራል። ከመተዳደሪያቸው አንዱ ከክፉ ንግግር መራቅ ነው። ሰዎች መንደሯን ሲያብራሩ ይህን እንደ ጨዋነት ምክር ሲያቀርቡት እበሳጫለሁ። የንግግሩ ደንብ ከሥራው ክፍፍል ጋር አብሮ የተዘረጋ ነው። ወንዱ እንዝርት ከያዘ በኋላ «የሴት ሥራ» የሚለው ሐረግ የሚጠራው ነገር ያጣል፤ ማንም ሳይከለክለው ከአፍ ይጠፋል። የምኒልክ አዋጅ ማጉን ብቻ ሊቀይር ሞከረ፤ አውራ አምባ ድሩንም ማጉንም ቀየረች።

እስካሁን ያልነውን ልሰብስብ፦ አካታች ቋንቋ የክልክል ቃላት ዝርዝር አይደለም፤ ከውጭ የመጣም አይደለም፤ መጀመሪያ የሚመረመረው ንግግሩ ማንን እንደሚያስብ ነው። አሁን ወደ ግሡ።

በደቡብ ጎንደር ለአንድ የቁጠባ ማኅበር የስልክ መልእክቶችን አማርኛ ሳቃና የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሥርዓቱን የሠሩት ልጆች መልእክቱን «500 ብር አስገብተሃል» ብለውት ነበር። ከጋይንት በኩል የመጡ አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው «ይኼ የአባ ወራዬ ነው፣ ልጄ፤ ‹አስገብተሃል› አይደል የሚለው?» አሉኝ። ገንዘቡ የእሳቸው ነው፤ ቅቤ ሸጠው ያጠራቀሙት። መልእክቱ በመጣ ቁጥር ግን «ያንተ ነገር መጥቷል» እያሉ ስልኩን ለባለቤታቸው ሲሰጡ ኖረዋል። የሒሳባቸውን ልክ ከእሳቸው በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። አንዲት «ሃ» የሠራችው ይህን ነው።

ለፕሮግራመሩ ብነግረው «ወንዱ ሴቷንም ያካትታል እኮ» አለኝ። ይህን ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። አዋጆቻችን መግቢያ ላይ በወንድ ጾታ የተነገረው ሴትንም እንደሚጨምር የሚገልጽ አንቀጽ አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም አለው። ሕግ አዋቂው ያንን አንቀጽ አንብቦ ነው ወደ ቀጣዩ የሚሄደው። እኒያ እናት ግን የትርጓሜ አንቀጽ አልተሰጣቸውም፤ የመጣላቸው አንድ መስመር ነው፣ መስመሩም ስለ ሌላ ሰው ያወራል።

መፍትሔው ምን ይሁን በሚለው ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ለረጅም ጊዜ ተሟግቻለሁ፤ አሁንም አልተስማማንም። አንዱ ወገን «አስገብተሃል/ሻል» ይበል ይላል። በሰያፍ ጭረት አላምንም። «አመልካቹ/ቿ»፣ «ሠራተኛው/ዋ» ሲባል ሴቲቱ የወንዱ ቃል ጅራት ሆና ትቀራለች፤ ጽሑፍ በሚያነብ መሣሪያ ለሚያዳምጥ ዓይነ ስውርማ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ሌላው ወገን «አስገብተዋል» ይላል። አንቱታው ጾታ አይለይም፣ ክብርም አለው፤ ግን እዚህ ሰዎች የማያዩት እንቅፋት አለ። «አስገብተዋል» ማለት እርስዎም ሊሆን ይችላል፣ እሳቸውም፣ እነሱም። ባለቤታቸውን በአንቱታ ለሚጠሩ ሌላ እናት መልእክቱ አሁንም የባል ሊመስል ይችላል! ስለዚህ ሰውየውን ከግሡ አውጥቼ ሒሳቡ ላይ አስቀመጥኩት፦ «በሒሳብዎ 500 ብር ገብቷል።» «ሒሳብዎ» ከአንባቢው ሌላ የማንም ሊሆን አይችልም፤ የሌላ ሰው ቢሆን «ሒሳባቸው» ይባል ነበር።

ቁልፎቹ ላይም እንዲሁ። «ላክ»፣ «ፈልግ»፣ «ሰርዝ» ሁሉም ወንድን የሚያዝዙ ናቸው። አማርኛ ግን የመሣሪያ ስም የሚሠራበት ድንቅ መንገድ አለው፦ መላኪያ፣ መፈለጊያ፣ መሰረዣ። ከማረሻና ከመጥረጊያ ጋር አንድ ቤት ናቸው። ማንንም አያዝዙም፤ ምን እንደሚሠሩ ይናገራሉ። ለብዙ ሰው ስንናገር ደግሞ የብዙ ቁጥር አለን፤ «እናንተ»ና «አመልካቾች» ጾታ የላቸውም። ወጣቶቹ «እርስዎ ሲለኝ ሽማግሌ ያደርገኛል» ይላሉ። አክብሮት የዕድሜ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቅር እላለሁ፤ የሃያ ዓመት ልጅ ገንዘቡን ባንክ ሲያስቀምጥ «እርስዎ» ቢባል አይጎዳም፣ የስድሳ ዓመት እናት «አንተ» ቢባሉ ግን ይጎዳሉ። ሁለቱን እኩል አድርጎ «የምርጫ ጉዳይ ነው» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል፤ አይደለም!

አሁን ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ። የመረጃ ቋት ሲባዛ አንደኛውን «ጌታ» ሌላውን «ባሪያ» ማለት በሙያው ዘንድ ረጅም ዘመን ኖሯል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2003 አቅራቢዎቹ ይህን ስም እንዲተዉ ጠየቀ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2018፣ የሊኑክስ ከርነል በሐምሌ 2020 አቅጣጫቸውን ቀየሩ፤ የኮድ ማከማቻው ጊትሃብ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ አዲስ ሥራ ሲከፈት የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ «ማስተር» (ጌታ) ማለቱን ትቶ «ሜይን» (ዋና) አለው። የእኛ ልጆች «ይህ የአሜሪካ ቁስል ነው፣ እኛን ምን አገባን» ሲሉ እሰማለሁ። አገራችን የባርነትን ሕጋዊ ህልውና የሰረዘችው በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ቃሉም አልሞተም፤ የቆዳው ቀለም ጠቆር ያለ ሰው ዛሬም ይሰደብበታል። አስተማሪ ክፍል ውስጥ ገብቶ «ይህ ባሪያው ነው» እያለ ሲያስረዳ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ትናንት መንገድ ላይ የተጠራበትን ስም ነው የሚሰማው።

ከዚህም ሌላ ስሙ ሥራውን በደንብ አይገልጽም፤ ለእኔ ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ሁለተኛው ቋት የመጀመሪያውን ይገለብጣል እንጂ አያገለግለውም። የመጀመሪያው ሲወድቅ ቦታውን ይረከባል። የትኛው ባሪያ ነው ጌታው ሲሞት ጌታ የሚሆነው? «ዋና» እና «ቅጂ» ብንል ተማሪው ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ሥራውን ይረዳዋል። «ጥቁር መዝገብ»ም ተመሳሳይ ነው፤ ጥቁርነቱ ምንም አይነግረንም፣ «የታገዱ ዝርዝር» ግን ሁሉን ይነግረናል። ጊትሃብ ላይ ክርክሩ ይበልጥ የሻከረው «ማስተር» አጠገብ «ባሪያ» የሚባል ስላልነበረ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ በዚህ ትክክል ናቸው። ቢሆንም ዋናውን ቅርንጫፍ ዋና ማለት የሚያሳጣን ነገር አይታየኝም።

የሥራ ማስታወቂያ ላይ አጭር ልሁን። «ጾታ፦ አይለይም» ብሎ ጀምሮ «ልምድ ያለው፣ ማቅረብ የሚችል» ብሎ የሚጨርስ ማስታወቂያ በብዙ ቁጥር ይጻፍ። «ሙሉ ጤነኛ» የሚለው መስፈርት ግን ይውጣ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን ሲተረጉም ጉዳቱን ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር አያይዞ ነው፤ የእኩል ዕድሉ መቀነስ ከሁለቱ መገናኘት ይመጣል። ይህን አዋጅ አውጥቶ ጤንነትን በጅምላ መጠየቅ አዋጁን መሻር ነው። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ክፉኛ ከጎዳቸው የአማራ ክልል ዞኖች አንዱ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ ሠራተኞችና ደንበኞች በየቢሮው አሉ። «ቀዩን ይጫኑ» የሚል መመሪያ ለእነሱ አይሠራም፤ ቁልፉ በስሙ ይጠራ።

በመጨረሻ ቅጹ። «አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት» ብሎ የሚያስመርጥ ቅጽ ወንዱን ስሙን ብቻ ጠይቆ ሴቲቱን ስለ ትዳሯ ይጠይቃል። ለጡረታ ወይም ለውርስ ካስፈለገ የጋብቻ ሁኔታ ራሱን በቻለ መስመር ለሁሉም ይቅረብ። ማዕረጉ ለደብዳቤ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ምርጫው ይነሣና ባዶ መስመር ይተው፤ እያንዳንዱ አመልካች መጠራት የሚፈልግበትን ራሱ ይሙላ፣ እያንዳንዷም እንዲሁ።