ትኩሳቱ ሄዶ ድካሙ ሲቀር

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ መጻጉዕ በሚባለው ሰንበት፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስበው ያ 38 ዓመት በአልጋው ላይ የኖረ ሕሙም፣ መዳን ትወዳለህን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ስለ ደዌው ጽናት አንዳች ሳይናገር ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ብቻ አዘነ፤ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ትርጓሜው በሥጋዬ የገባኝ ግን በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ትኩሳት ለቅቆኝ፣ ሳሉም ተከትሎት ሄዶ፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ከአልጋዬ እስከ ደጃፌ ያለችውን ጥቂት እርምጃ እንደ ዳገት እያየኋት፣ ማለዳ ያነበብሁትን ገጽ ማታ እየረሳሁት፣ ብድግ ባልሁ ቍጥር ልቤ እንደ ከበሮ እየደለቀ ኖርሁ። ስሙን የማላነሣው አንድ ክሊኒክ ደሜን፣ ሽንቴንና የደረቴን ራጅ መርምሮ «ምንም የለብህም» ባለኝ ቀን፣ ደስ ሊያሰኘኝ የሚገባው ቃል እንደ ፍርድ ወደቀብኝ፤ ሕመም እያለበት ስም የሌለው ሰው ከሕሙማንም ከጤነኞችም ማኅበር ተለይቶ ይቀራልና።

ከመጻጉዕ እስከ ሆሳዕና በጾሙ አቈጣጠር አራት ሳምንት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ስለሚደርሱባት፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ስለ ነበረችውና ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ስለ ገቡባት ይህን ስም አገኘች ስለሚባልላት ከተማ ነው፤ ከእርስዋም ጋር በሀዲያ በኩል ስለ ሾኔ፣ ስለ ሆመቾና ስለ ሞርሲቶ፣ በከምባታ በኩል ደግሞ በአምበሪቾ ተራራ ዙሪያ ስለ ተቀመጡት ስለ ዱራሜ፣ ስለ አንጋጫ፣ ስለ ዶዮገናና ስለ ሺንሺቾ ነው። እነዚህን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ አገሮች ሕዝብ እንደ አሸዋ የበዛባቸው፣ መሬቱ ጠብቦ ጕልበት ብቻ የሰው ሀብት ሆኖ የቀረባቸው ናቸው፤ ጕልበቱን የተቀማ ሰው ሌላ የሚመነዝረው ገንዘብ የለውም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕሙም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ ወሩ ሳያልቅም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ደዌ ተለየ፤ ሰርግና የንግድ ትርኢት ይደረግበት የነበረው የሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማደሪያ ሆነ፤ 8335 የሚለውን ስልክ ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ያዙት። ያ ሁሉ ድካም ምስጋና እንጂ ወቀሳ የሚገባው አይደለም። ነገር ግን በየማታው በቴሌቪዥን ይነበብ የነበረው ቈጠራ ሞተው ለተቀበሩትና አገግመው ለወጡት ዓምድ ሲኖረው፣ ከሞት ተርፎ ወደ ጤናው ላልተመለሰው ሦስተኛ ሰው አንድም ዓምድ አልነበረውም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙ አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ ብሎ ሲያውጅም ይህ ሰው በአልጋው ላይ ሆኖ በሬዲዮ ሰማው።

ለሕማሙ ስም አልተሰጠውም ማለቴ አይደለም። ስሙን አስቀድመው ያወጡት ራሳቸው ሕሙማኑ ናቸው፤ በ2012 ዓ.ም. ጸደይ በጣልያንና በእንግሊዝ አገር «ድነናል ተባልን እንጂ አልዳንንም» እያሉ እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ጀመሩ፤ ሐኪሞችም ተከተሏቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ብያኔ ድኅረ ኮቪድ ሕማም ማለት ሰውየው ከታመመ ሦስት ወር ያህል በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቈይ፣ ሌላ ደዌ ምክንያት ሆኖ የማይገኝለት ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአሳብ መበታተንና ይህን የመሰለ ስቃይ ነው። በዚህ ብያኔ ውስጥ ለሀዲያና ለከምባታ ገበሬ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም ቀድሞ የያዘው ኮቪድ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ወይም ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የተገመተ ቢሆን ይበቃል ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን ከገጠር ቀበሌ ማን ናሙና ሰጠ? ብዙው ሰው ጕንፋን ነው፣ ምች ነው ብሎ በቤቱ ተኝቶ በቤቱ ተነሣ፤ ዛሬ የምርመራ ወረቀት አምጣ ቢባል ከየት ያመጣል? ብያኔው ግን ወረቀት አይጠይቀውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ከያዛቸው 100 ሰዎች መካከል 6 ያህሉ ለዚህ ሕማም እንደሚዳረጉ ይገምታል። በአገራችን በምርመራ የተረጋገጡት ብቻ ወደ 500 ሺህ ይጠጋሉ፤ አንባቢ ራሱ ቢያባዛው 30 ሺህ ነፍስ ያገኛል፤ ያልተመረመረው ደግሞ ከተመረመረው እጅግ ይበልጣል። ምክንያቱን በተመለከተ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም፤ ከፊሎቹ የቫይረሱ ቅሪት በሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል ሲሉ፣ ከፊሎቹ የሰውነት መከላከያ ራሱን መውጋት ጀምሯል፣ ሌሎችም ልብንና ትንፋሽን ያለ ፈቃዳችን የሚያስተዳድሩት ነርቮች ሥርዓታቸውን ስተዋል ይላሉ፤ ምናልባት ሁሉም በየድርሻቸው እውነት ይዘው ይሆናል።

አሁን ከሾኔ አጠገብ ካለች ቀበሌ የምትነሣ አንዲት እናት እናስብ። የቤቷ ምሰሶ እንሰት ነው፤ እንሰት ደግሞ የወንድ ተክል፣ የሴት ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ ግንዱን በእግር ደግፎ መፋቅ፣ አሚቾውን መውቀጥ፣ ጨምቆ ቡላውን መለየት፣ ቆጮውን በጕድጓድ ቀብሮ እየገለበጡ ማብላላት፣ ይህ ሁሉ የጀርባና የክንድ ሥራ ነው። ይህች ሴት አንድ ቀን እንደ ወትሮዋ ስትፍቅ ውላ ሁለት ቀን ትተኛለች፤ ተነሥታ እንደገና ትፍቃለች፣ እንደገናም ትወድቃለች። ሐኪሞች ከድካም በኋላ የሚመጣ መውደቅ የሚሉት፣ ከዚህ ሕማም ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት የማይታወቅ፣ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ዕዳውን በወለድ የሚያስከፍል። ጎረቤት ግን ይህን ያለ ስሙ ይጠራዋል፤ አንዱ ስንፍና፣ አንዱ ዓይነ ጥላ፣ አንዱ የኑሮ ጭንቀት ይለዋል። ጸበል ትጠመቃለች፤ ወይም በዚያ አገር ምእመናኑ እጅግ የበዙት የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ያደርግላታል። ይህን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ባሏና ልጆቿ ሰልችተዋት ሳለ እጁን ጭኖ «ታመሻል» ብሎ ያመናት የመጀመሪያው ሰው ብዙ ጊዜ ካህኑ ወይም ሽማግሌው ነውና።

ከዚያ በኋላ የመሰላሉ ጕዞ ይጀመራል። የአገራችን የጤና ሥርዓት በሦስት እርከን የተሠራ ነው፤ ከታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከመካከል አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከላይ እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ከተመረጡት አንዱ የከምባታው ዳምቦያ ነበረ፤ ስለዚህ የዚያ አገር ሰው የመድኑን ደብተርም ሪፈር የሚባለውን ወረቀትም ከብዙው ኢትዮጵያዊ ቀድሞ ያውቃል። መሰላሉን በሥርዓት የወጣ በመድኑ ይታከማል፤ የዘለለ ከኪሱ ይከፍላል። ሥርዓቱ ለወባና ለወሊድ፣ ለተሰበረ አጥንትም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሪፈር ለመጻፍ የበሽታ ስም ያስፈልጋል፤ ደሟ ደኅና፣ አክታዋ ከሳንባ ነቀርሳ ንጹሕ፣ ራጇም ጥሩ የሆነች ሴት በምን ስም ትጻፍ? «እናቴ፣ ምንም የለብዎትም፤ ትንሽ ይረፉ» ይሏታል። ማን ይፈቅድላታልና ታርፋለች?

አንዳንዷ እንደምንም ብላ ሆሳዕና ትደርሳለች። በዚያች ከተማ ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መጠሪያው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ነው፤ ከሀዲያ ገራድ ቤት ተወልደው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆኑት፣ በእርጅናቸውም ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል መንግሥቱን የጠበቁት፣ ማቴዎስ የተባለውንም መልእክተኛ እስከ ፖርቱጋል የላኩት እሌኒ ናቸው። ርዳታ ፍለጋ ባሕር አሻግሮ መላክን ያወቁ ንግሥት ስም በዚህ ደጅ ላይ መጻፉ ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከዚህ ደጅ የሚወጣው ሕሙም ደግሞ በአዲስ አበባ ወዳለው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል፤ በዚያም የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ልዩ ሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው ገና በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ የነርቭ ሐኪሞች ትምህርትም ከዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ይቀድመዋል፤ በመላው አገሪቱ ያሉት ጥቂት ሊቃውንት ወረፋቸው በወራት የሚቈጠር ቢሆን አያስደንቅም። ሕማሟ ድካም የሆነች ሴት ለዚህ ቀጠሮ ሌሊት ተነሥታ 230 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ጕዞው ራሱ ሳምንት ያስተኛታል።

የመንገዱን፣ የአልቤርጎውንና የምርመራውን ገንዘብ የሚልከው ብዙ ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ነው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ወደዚያ አገር የተሰደደው ወጣት በድሆች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ በዘራፊና በጥላቻ መካከል እየኖረ፣ የስንቱን ቤት ቆርቆሮ እንዳለበሰ የከተሞቹን ጣሪያ ያየ ይመሰክራል። ወረርሽኙ እርሱንም በዚያ አገኘው፤ ወረቀት ለሌለው ስደተኛ በሆስፒታል ሰልፍ መቆም ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ስለዚህ ለእናቱ ሕክምና የሚልከው ሰው ለራሱ ድካም ሐኪም ሳያይ ሱቁን ከፍቶ ይውላል።

ይህ ነገር በታሪካችን አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብለን የምንጠራው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲያጠፋ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታምመው ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ሰብስቦ ማጠኑ እስከ ዛሬ የቀረን የዚያ መታሰቢያ ነው። የሞቱትን በጢስ እናስባቸዋለን። ተርፈው የደከሙትን ግን ማን ጻፋቸው? በዚያው ዘመን በቪየና ቮን ኤኮኖሞ የተባለው ሐኪም በእንቅልፍ የሚጥለውን የአንጎል ደዌ መዝግቦ ነበር፤ ከኢንፍሉዌንዛው ጋር ያለው ዝምድና እስከ ዛሬ ባይረጋገጥም ሕሙማኑ ቢያንስ በመጽሐፍ ሰፍረው ቀሩ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሕሙሙን ወደ ሊቁ ከማውጣት ሊቅነቱን ወደ ሕሙሙ ማውረድ ይቻላል፣ አገራችንም ይህን አንድ ጊዜ አድርጋ አሳይታለች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ የሚገኝ የልዩ ሐኪም ምሥጢር ነበረ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ግን ነርሶች ተምረው በጤና ጣቢያ ይሰጡት ጀመር፤ ካርድ፣ ቀጠሮ፣ የቀረውን ፈልጎ የሚያመጣ ሰው፣ ይህ ሁሉ ተሠራ። ያ በቫይረስ የሚመጣ፣ ዕድሜ ልክ የሚቈይ ደዌ ነው። ይህኛው ምንኛ ይቀላል! ለድኅረ ኮቪድ እስካሁን የታወቀ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ ጥቁር አንበሳ የሚሰጠው ሆሳዕና የማይሰጠው ክኒን የለም። ያለው እውቀት ነው፣ እውቀትም በመኪና አይጫንም።

የእውቀቱም መጀመሪያ ሌላውን ደዌ በትጋት መለየት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳን፣ የደም ማነስን፣ የእንቅርት እጢ መታወክን፣ ስኳርን፣ የልብ ሕመምን ሳይመረምሩ ድኅረ ኮቪድ ነው ብሎ ማሰናበት፣ ምንም የለብሽም ከማለት የከፋ በደል ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምክር ነው፤ ከድካም በኋላ የሚወድቀውን ሰው «ተንቀሳቀስ፣ ትበረታለህ» ብሎ ማስገደድ እንደሚጎዳው፣ ሥራውን ከፋፍሎ ከመድከሙ አስቀድሞ ማረፍ እንዳለበት፣ ይህንንም ለታማሚዋ ብቻ ሳይሆን ለባሏና ለአማቷ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ዕረፍትን የሚፈቅዱ እነርሱ ናቸውና። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ሐኪምና ነርስ የሚያስመርቅ ተቋም ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ለእነዚህ ሕሙማን ቢለይ፣ ተማሪዎቹንም ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜና ወደ ዶዮገና ቢልክ፣ ለዚህ አዲስ ሕንጻ አይጠይቅም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ደግሞ ማን ከተኛበት እንዳልተነሣ ከማንም መዝገብ በፊት ያውቃሉ።

ከምርመራዎቹም አንዱ ቤተ ሙከራ እንኳ አይፈልግም። ሕሙሟ 10 ደቂቃ ጋደም ትላለች፤ ነርሷ የልቧን ምት ትቈጥራለች፣ የደም ግፊቷን ትለካለች። ከዚያ ታስነሣታለች፤ ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፋ ሌላ 10 ደቂቃ ትቆማለች፤ ነርሷም በየደቂቃው ትቈጥራለች። ግፊቱ ሳይወርድ የልቡ ምት በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ከቆየ፣ የልብን ምት የሚያስተዳድሩት ነርቮች ታውከዋል ማለት ነው፤ ለዚህም በቂ ውኃ፣ ጨው፣ እግርን የሚያጠብቅ ካልሲ፣ ሲያስፈልግም በሆስፒታሉ የሚገኝ ርካሽ ክኒን ይረዳል። ዕቃው የግፊት መለኪያና የእጅ ሰዓት ነው፤ ሁለቱም በሾኔ አሉ። ያቺ ከቀበሌዋ በእግር የመጣች እናት ከግድግዳው ተላቅቃ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ፣ ነርሷ ሁለቱን ቍጥሮች በካርዷ ላይ ጎን ለጎን ጽፋ ወደ እርስዋ ታዞረዋለች፤ ከታመመች ከአራት ዓመት በኋላ በወረቀት ላይ የሰፈረ የመጀመሪያው የሕመሟ ምስክር ነው።