የመኪና ኩሽኔታ ለምን ደጋግሞ ይበላል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡራዩና በገፈርሳ በኩል ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከማለዳ እስከ ምሽት ሥራ አይፈታም። ሚኒባሱ ሰው፣ አይሱዙው እህልና ድንጋይ፣ ባጃጁ ደግሞ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሰፈሮች የሚገባውን ሁሉ ያመላልሳል። እንዲህ ባለ መንገድ ዳር በሚገኙ ጋራዦች ዘወትር ከሚሰሙ አቤቱታዎች አንዱ «የጎማው ኩሽኔታ ተቀይሮ ሳይቆይ እንደገና ጮኸ» የሚል ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «ዕቃው ኦርጅናል አይደለም» ይባላል፤ ሌላ ይገዛል፤ እርሱም ተራውን ጠብቆ ይበላል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ኩሽኔታው ጨርሶ ሲበላ ጎማው ይወዛወዛል፤ የፍሬኑ አያያዝ ይዛባል፤ ቸል ከተባለም ጎማው በጉዞ ላይ ከመኪናው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በሽታውን ከሥሩ መርምሮ ማወቅ የተሳፋሪውንም የእግረኛውንም ሕይወት ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ ፊዚክስ ለዚህ ምርመራ ምን እንደሚያበረክት እንመለከታለን።

ትንሽ ነጥብ፣ ትልቅ ግፊት

የጎማ ኩሽኔታ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የሚንከባለሉ የብረት ብዮች ወይም ጥቅሎች ስብስብ ነው። ሾጣጣ ጥቅሎች ያሉትን ዓይነት ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 በስሙ አስመዝግቧል፤ ይህ ዓይነት በከባድ መኪኖች ላይ እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል።

ብይ ቀለበቱን የሚነካው እጅግ ጠባብ በሆነ ቦታ ላይ ነው። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት በመሆኑ ስፋቱ ሲያንስ ግፊቱ ይገዝፋል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ኸርዝ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባቀረበው ስሌት መሠረት ብርቱ ጭነት በተሸከመ ኩሽኔታ ውስጥ ግፊቱ ከ1 ጊጋፓስካል ሊበልጥ ይችላል። ይህም በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ወደ 10,000 እጥፍ የሚጠጋ ነው። ብረቱን ከብረት የሚለየው የግሪስ ስስ ሽፋን ደግሞ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሜትር አይበልጥም። ከመንገድ የሚነሣ የአቧራ ቅንጣት ከዚህ ሽፋን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊወፍር ስለሚችል፣ አንድ እፍኝ ሳይሆን አንድ ቁንጥር አፈር እንኳ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም።

ሦስት ጊዜ በአጋጣሚ?

ስዊድናውያኑ ሉንድበርግና ፓልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት የኩሽኔታ ዕድሜ ከጭነቱ ጋር ያለውን ዝምድና አስቀመጡ። በብይ ኩሽኔታ ዕድሜው ከጭነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። ጭነቱ በ25 በመቶ ሲጨምር 1.25 × 1.25 × 1.25 = 1.95 ይሆናል፤ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ጭነቱ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከወንበር በላይ ሰው የጫነ ሚኒባስ ዋጋውን የሚከፍለው በነዳጅ ብቻ አለመሆኑን ይህ ስሌት ያሳያል።

የኩሽኔታ የተሰላ ዕድሜ የሚባለው ከመቶ ተመሳሳይ ኩሽኔታዎች 90ው የሚደርሱበት ነው። ዙሪያው 2 ሜትር ያህል የሆነ ጎማ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 50 ሚሊዮን ጊዜ ይሽከረከራል። ኩሽኔታው ለዚህ የተሰላ ከሆነና በአግባቡ ከተገጠመ፣ አንዱ ቀድሞ ቢበላ ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው። በአንድ ጎማ ላይ ሦስት ኩሽኔታዎች ተከታትለው ቀድመው ቢበሉ ግን ዕድሉ 0.1 × 0.1 × 0.1፣ ማለትም ከሺህ አንድ ይሆናል። ስለዚህ «ዕድለ ቢስ ሆኜ ነው» ከማለት ይልቅ አንድ ቋሚ ምክንያት አለ ብሎ መነሣት ይሻላል።

መንታዎቹን ማነጻጸር

የፊት ግራና ቀኝ ጎማዎች እንደ መንታ ናቸው። ሹፌሩ፣ ጉዞው፣ ጭነቱና ግሪሱ ለሁለቱም አንድ ነው። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ የሚበሉ ከሆነ ምክንያቱ የጋራ ነገር ነው፤ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ የተበላሸ ግሪስ፣ ከተፈቀደው ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ወይም የአገጣጠም ልማድ። አንዱ ብቻ የሚበላ ከሆነ ግን መቀመጫው ይመርመር፤ የተጣመመ አክሰል፣ የሰፋ ሞዞ ወይም የማይለቅ ፍሬን ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በአገራችን በቀኝ በኩል ስለሚነዳ ቀኙ ጎማ የተሰበረውን የአስፋልት ጠርዝና ውኃ ያቆረውን ጉድጓድ ይበልጥ እንደሚያገኝ መዘንጋት አይገባም፤ ተሳፋሪ ለማውረድ ደጋግሞ ከአስፋልት የሚወጣ ታክሲ ደግሞ ይበልጡን ያገኘዋል።

የትኛው ጎማ እንደሚጮህ ለመለየት ድምፁን ማዳመጥ ይጠቅማል። ወደ ግራ ሲታጠፉ ጭነቱ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ጩኸቱ ከጨመረ ቀኙን መጠርጠር ነው። ጩኸቱ የመንገዱ ገጽ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ የጎማው ላስቲክ ሊሆን ይችላል። ከዚያም መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በጠንካራ መደገፊያ ከተያዘ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ማወዛወዝ ነው።

የተበላው ኩሽኔታ ምን ይናገራል?

የወጣው ኩሽኔታ ከመጣሉ በፊት ታጥቦ ሊነበብ ይገባል። ተገቢ ዕድሜውን የጨረሰ ኩሽኔታ ስንጥቁ የሚጀምረው ከገጹ በታች ነው፤ ከፍተኛው የመሸራረፍ ኃይል የሚገኘው እዚያ ነውና። ያለጊዜው የተበላው ግን በአብዛኛው ከገጹ ይጀምራል፤ ምልክቶቹም ይለያያሉ።

በብዮቹ ርቀት ልክ የተደረደሩ ጎድጓዳ ምልክቶች ካሉ በመዶሻ ተመትቶ ገብቷል ወይም ብርቱ ጉድጓድ አግኝቶታል። ቀይ ዝገት ውኃ መግባቱን፣ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ቀለም ደግሞ ከልክ በላይ መሞቁን ያመለክታል፤ ዳዶው ከመጠን በላይ ጠብቆ ወይም ግሪሱ አልቆ ሊሆን ይችላል። በቀለበቱ ላይ ዱካው ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ መቀመጫው ተጣሟል። የውጭው ቀለበት ጀርባ እንደ መስተዋት ካበራ በሞዞው ውስጥ ላልቶ ሲዞር ኖሯል፤ ያን ጊዜ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም ብቻውን ፋይዳ የለውም። እንደ መሰላል የተደረደሩ ደቃቅ መስመሮች ደግሞ የኤሌክትሪክ ፍሰት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመኪናው አካል ሲበየድ የብየዳው መሬት ገመድ ርቆ ከታሰረ ፍሰቱ በኩሽኔታው ውስጥ ሊያልፍ ይችላልና።

ላቫጆና የጋዝ ሕግ

ክረምት በገፈርሳ አካባቢ ጭቃና ውኃ ነው። ነገር ግን ውኃ የሚገባው ከመንገድ ብቻ አይደለም። ፍሬን ሲይዝ ቆይቶ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ሞዞ ላቫጆ ገብቶ በቀዝቃዛ ውኃ ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ በውስጡ የታፈነው አየር ፍጹም ሙቀት ከ353 ወደ 293 ኬልቪን ይወርዳል። በጋዝ ሕግ መሠረት ግፊቱም ወደ 17 በመቶ ይቀንሳል። ያረጀ ሲል ካለ ኩሽኔታው የሚረጨውን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ሞዞው ሳይቀዘቅዝ አለማጠብና ብርቱውን የውኃ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሉ አለማነጣጠር ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

ምን ይደረግ?

የውስጡን ቀለበት ከነጥቅሎቹ ቀይሮ የውጭውን አሮጌ ቀለበት መተው፣ አሮጌውን ሲል መልሶ መጠቀም፣ የማይስማሙ ግሪሶችን መደባለቅ፣ ዳዶን በግምት ማጥበቅ፤ እነዚህ ሁሉ የዛሬን ብር አድነው የነገን ያስወጣሉ። ኩሽኔታው ተስማሚ ኃይል በሚያሳርፍ መሣሪያ፣ በሚጠብቀው ቀለበት በኩል ብቻ ተገፍቶ ይገባ፤ የዳዶው ጥብቀትም አምራቹ ባዘዘው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይሁን።

ተመሳስለው የተሠሩ ኩሽኔታዎች በገበያ ላይ መኖራቸው እውነት ነው። ሆኖም ይህ ፍርድ የሚሰጠው መቀመጫው፣ ጭነቱ፣ ውኃውና አገጣጠሙ ከተመረመሩ በኋላ ነው። ለዚህም አንድ ደብተር ይበቃል፤ የተቀየረበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ንባብ፣ የጎማው ቦታና የአሮጌው ኩሽኔታ ምልክት ይጻፍበት። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ወላጁ ወይም ጎረቤቱ ሹፌር የሆነ ተማሪ ይህን ደብተር ዛሬ ሊጀምርለት ይችላል።