አንዲት ጉጉት እና አንድ የውሸት መረጃ

ጉጉት ሲባል ትዝ የሚለን ሌሊት ነው አይደል? በመካከለኛው ሕንድ የምትኖረው የጫካ ጉጉት ግን ቀን ነው የምታድነው። ጠዋት ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ ትሞቃለች። ታዲያ እንዲህ በአደባባይ የምትቀመጥ ወፍ እንዴት ከ100 ዓመት በላይ ትጠፋለች?

ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከ1884 በኋላ የታመነ ናሙና አልተገኘም። እንግሊዛዊው መኮንን ሪቻርድ ማይነርትስሃገን ግን በ1914 ጉጃራት ውስጥ እንዳገኛት ጽፎ ናሙና አስቀመጠ። ተመራማሪዋ ፓሜላ ራስሙሰን በኋላ ሲመረምሩት ናሙናው ከሙዚየም የተሰረቀ፣ እንደ አዲስ ተሰፍቶ ሌላ ቦታና ቀን የተለጠፈበት ሆኖ ተገኘ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ታሪኩን የወደድኩትም ለዚህ ነው። መረጃ የሌለው ሰው ቢያንስ አለማወቁን ያውቃል። የውሸት መረጃ የያዘ ሰው ግን ጊዜውንና ገንዘቡን በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቦታ ላይ ያፈስሳል።

ራስሙሰን፣ ቤን ኪንግና ዴቪድ አቦት የማይነርትስሃገንን መረጃ ወደ ጎን ትተው የታመኑትን የድሮ ናሙናዎች ቦታ ተከተሉ። በኅዳር 1997 (እ.ኤ.አ.) ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ሻሃዳ አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ አገኟት። ከ113 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ግን እሷ መሆኗን በምን ያውቃሉ? እዚያው አካባቢ በጣም የምትመስላት ባለነጠብጣብ ጉጉት ሞልታለች፤ እሷም ቀን ትታያለች። ስለዚህ «ቀን አየኋት» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ አናቷን እዩ፤ የጎረቤቷ አናት ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፣ የጫካዋ ጉጉት ግን ነጠብጣብ የላትም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ሆዷን፤ ንጹሕ ነጭ ነው። ከዚያ ክንፏና ጅራቷ ላይ ሰፋፊ ነጭ መስመሮች አሉ።

እኛም አገር ቀን የምትታይ ትንሽ ጉጉት አለች። ማጅራቷ ላይ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ምልክቶች ስላሏት ከኋላም የምታያችሁ ነው የሚመስለው። ካጋጠመቻችሁ ስልካችሁን አውጡና አናቷን፣ ሆዷን፣ ከቻላችሁም ጀርባዋን አንሱ። ቦታውንና ቀኑን ደግሞ እንዳለ ጻፉ። ካልለያችኋት «አልለየኋትም» በሉ። በቃ፣ እሱም መረጃ ነው።