በተተከለ ጥርስ ዙሪያ ድድ ሲሸሽ ምን እናድርግ?

ውድ እኅቶቻችን፤ ከመካከላችሁ በወለቀ ጥርሳችሁ ፋንታ ኢምፕላንት ያስተከላችሁ አላችሁ። በወራት ደመወዝ የተሠራ ጥርስ ነውና፣ ከጊዜ በኋላ ድዱ ሸሽቶ ብረቱ ብቅ ሲል ድንጋጤው ቀላል አይደለም። ችግሩ ግን ሕክምና አለው፤ ዋናው ነገር አለመዘግየት ነው።

ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለታካሚ ከተከሉት ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ጅማት መሰል ክሮች ግን ለኢምፕላንት የሉትም። ስለዚህ ቆሻሻ ሲጠራቀምበት ቁስለቱ ቶሎ ወደ አጥንት ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ሕመም የለውም። ድዱ የሚሸሸው በዚህ ቁስለት፣ ድዱ ከመነሻው ስስ በመሆኑ፣ ብሎኑ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ በመተከሉ ወይም በጠንካራ ብሩሽ በኃይል በመፋቅ ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ራጅ አንሥቶ አጥንቱን ያያል፤ ቁስለት ካለም አስቀድሞ ያክማል። ከዚያም አደንዝዞ ከላንቃችሁ ስስ ሥጋ ወስዶ በሸሸው ድድ ሥር ይሰፋዋል። ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ሕክምናው ድዱን ያወፍራል፣ ያጠነክራል፤ የታየውን ብረት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ማለት ግን አይደለም። ብሎኑ ያለ ቦታው ከተተከለ ሌላ መፍትሔ ሊያስፈልግ ይችላል።

አንዳንድ ሐኪሞች በላንቃ ሥጋ ፋንታ ከአሳማ ወይም ከከብት የተዘጋጀ ሽፋን ይጠቀማሉ። ይህ ኅሊናችሁን የሚከብደው ከሆነ «ከምን የተሠራ ነው?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ንስሐ አባታችሁንም አማክሩ።

ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ ትኩስና ጠንካራ ነገር መመገብ አይገባም። የተሰፋውንም ቦታ ሐኪሙ እስኪፈቅድ በብሩሽ አትንኩት። ስለዚህ ለማዳም ቀድማችሁ ንገሩ፤ የሐኪም የዕረፍት ወረቀትም ያዙ። ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ። የኢምፕላንቱን ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ካርድ ጠይቃችሁ ከፓስፖርታችሁ ቅጂ ጋር አስቀምጡ፤ ወደ ሀገር ስትገቡ ወይም ሐኪም ስትቀይሩ ይፈለጋል።

እስከዚያው በለስላሳ ብሩሽ በዝግታ አጽዱ፤ በከሰል፣ በአመድ ወይም በጨው አትፈትጉት። ደም፣ መግል ወይም እብጠት ካያችሁ፣ ጥርሱም ከተነቃነቀ፣ ባያማችሁም እንኳ ፈጥናችሁ ታዩ።

እኅቶቻችን፤ ለቤተሰብ ከምትልኩት ላይ ለጤናችሁ ጥቂት ማስቀረት ራስ ወዳድነት አይደለም። የምትሠሩበትም ሆነ የምትጸልዩበት ይህ አካል ከእግዚአብሔር በአደራ የተቀበላችሁት ነው። ቸርነቱ አይለያችሁ።